ግልጽ ደብዳቤ ለኖርዌይ ፋይናንስ ሚኒስቴር፦ መንገድ ላይ ቻርጅ የምናደርገውንም አስቡን

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

መቼም የኤሌክትሪክ መኪና ነገር ሲነሳ ኖርዌይን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 እዚህ ከተመዘገቡት 100 አዳዲስ መኪኖች ከ95 በላይ የሚሆኑት ኤሌክትሪክ ናቸው። እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከ2001 ጀምሮ 25 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለገዢው ትታችሁለታል። ምስጋናው ይገባችኋል። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስትከለክል፣ ዘመድ ሁሉ እየደወለ «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ይለን ጀመር። እኛም አፋችንን ሞልተን እናወራለን፤ «የት ነው ቻርጅ የምታደርጉት?» እስክንባል ድረስ።

የምኖረው ኦስሎ፣ ግሮሩድ፣ ፎቅ ላይ ነው። ጋራዥ የለኝም። መኪናዬ ያገለገለች ኒሳን ሊፍ ናት፤ ሶኬቷም ሻደሞ የሚባለው የድሮው ዓይነት። ማታ ከሥራ ወጥቼ ቻርጀሩ ጋ ስደርስ ሌላው ገመድ ሁሉ ባዶውን ተሰቅሏል፣ ለኔ የምትሆነው አንዲቷ ተይዛለች። ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ባትሪው በብርድ ደንዝዞ ቶሎ አልሞላ ይላል። ማሞቂያውን ብከፍት የገባውን ይበላብኛል። ስለዚህ ካፖርቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ቁጥሩ ከፍ እስኪል አፈጣለሁ። እሺ፣ ብርዱን እናንተ አላመጣችሁትም።

ዋጋው ግን ይመለከታችኋል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ኖርገስፕሪስ የሚባለውን የመንግሥት ቋሚ የመብራት ዋጋ የመረጠ ቤተሰብ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከነታክሱ 50 ኦሬ፣ ማለትም ግማሽ ክሮነር፣ ይከፍላል። የመስመር ክፍያ ይጨመርበታል፣ ልክ ነው። ግቢው ውስጥ ቻርጀር ያለው ሰው መኪናውንም በዚሁ ዋጋ ይሞላል። ተራራ ላይ ያለው የመዝናኛ ቤት እንኳ ተካቷል! እኔ ግን ለዚያችው ኪሎዋት ሰዓት ፈጣን ቻርጀር ላይ 5 ክሮነርና ከዚያ በላይ እከፍላለሁ። ታክሱም እዚያው ውስጥ አለ። ቪላ ያለው ተደጉሞ፣ ፎቅ ላይ ያለው ሙሉ ዋጋ? ይሄ አይዋጥልኝም።

በ2023 ከ500,000 ክሮነር በላይ ባለው የመኪና ዋጋ ላይ ታክስ ስትጀምሩ ደግፌያችኋለሁ። ውድ መኪና የሚገዛ ይክፈል። ከ2026 ጀምሮ ከታክስ ነፃ የሆነው ጣሪያ ወደ 300,000 ወርዷል። ከዚያ ከሚገባው ጥቂቱን ወደ እኛ ሰፈር አዙሩት።

በሕዝብ ቻርጀር ላይ ያለውን ታክስ ቀንሱልን። እሱ ካልሆነ፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር ሆናችሁ በየፎቁ ሥር በዝግታ የሚሞሉ ቻርጀሮችን ጨምሩልን። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚያድረው፤ ፈጣን አያስፈልገንም። መልሳችሁን በቀጣዩ በጀት ላይ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግሮሩድ ነዋሪ