ማይኩን ከመግዛትሽ በፊት

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

እንዴት ከርመሻል? ቤተሰቡስ ደህና ነው? እኔ ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬ መርዘሙን አውቃለሁ፤ ሰበብ መደርደር ከጀመርኩ ወረቀቱ በሰበብ ያልቃልና ይቅርታሽን ብቻ ልለምን። በመጨረሻው ደብዳቤሽ «መጽሐፌን በድምፅ ማውጣት እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ማይክ ልግዛ?» ብለሽኝ ነበር። ዕዳዬን ዛሬ ልክፈል። ማይኩ ግን ይቆየን።

ከመቅዳትሽ በፊት አድምጪ። ሰው የድምፅ መጽሐፍ የሚያደምጠው እጁ ተይዞ ጆሮው ክፍት ሲሆን ነው፤ ዕቃ ሲያጥብ፣ በእግሩ ሲሄድ፣ ልብስ ሲተኩስ። አንቺም እንደዚያው አድምጪ። መልእክት እየጻፍሽ ግን አይሆንም፤ ሁለት የቃላት ሥራ አንድ ራስ ላይ አይገጥምም። ሐሳብሽ ከሸሸ 30 ሰከንድ ወደ ኋላ መልሺው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ከዚያ አንዱን ምዕራፍ በሄድፎን ድገሚው፣ ፍጥነቱን ሳትነኪ። በ1.5 እጥፍ ፍጥነት ካደረግሽው ዕረፍቱ ስለሚታመቅ የተራኪው ጉድለት ይደበቅብሻል። ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ድምፁ የት ይወድቃል? ገጸ ባሕርያቱን በምን ይለያቸዋል? ጥሩ ተራኪ የሴት ገጸ ባሕርይ ቃል ሲያነብ ድምፁን አያቀጥንም፤ የሚለውጠው ፍጥነቱንና ጉልበቱን ነው። ሁሉም መጽሐፍ ለጆሮ እንደማይሆንም ያኔ ይገባሻል። ሠንጠረዥና የግርጌ ማስታወሻ የበዛበት ነገር ሲነበብ አድማጩ መልሶ የሚያየው ገጽ የለውም።

ቀጥሎ ክፍሉ። ውድ ማይክ ባዶ ክፍል ውስጥ ከተተከለ የግድግዳውን ምላሽ ጭምር ነው የሚቀዳው፤ እንዲያውም ማይኩ በተሻለ ቁጥር ጉዱን አጉልቶ ያወጣዋል። መሀል ላይ ቆመሽ አንዴ አጨብጭቢ። ከጭብጨባው በኋላ የሚከተል ጭራ ከሰማሽ ክፍሉ ገና ነው። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ፊት መቀመጥ፣ ከጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል፣ ከእግር ሥር ምንጣፍ ማንጠፍ ብዙ ያስተካክላል። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ስስ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አይዝም፣ ከውጭ የሚገባውንም አያግድም። ፍሪጁን ከሶኬቱ ንቀዪው (የቤቱን ቁልፍ ውስጡ አስቀምጪ፣ መልሶ መሰካቱን አትረሺም)። ማይኩ ከአፍሽ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ መሀል ላይ ፖፕ ፊልተር (ትንፋሽ የሚያበርድ ስስ ወንፊት) ይኑር፣ ፊቱም ትንሽ ወደ ጎን ይዙር፤ «ጰ» እና «ፐ» ሲወጡ ትንፋሹ በቀጥታ እንዳይመታው።

አሁን ብዙ ሰው ዘሎ ወደሚያልፈው ልምጣ። የንባብ ስሕተት ማይኩ ፊት የተሠራ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ከዚያ በፊት፣ ጽሑፉ ሳይሰናዳ የተሠራ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ተናገረ ማለት ነው ወይስ መኖሩን ነው? «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ዋነኛ? «ይበላል» ሲባል ሰውየው በይ ነው ወይስ ተበይ? ዓይን ከዐውዱ ይፈታዋል፤ አፍ ግን ዐውዱ ሳይደርስ ቃሉን አውጥቶ ጨርሷል። ስለዚህ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጊ። ሌላው ጣጣ ንግግር ነው። በአማርኛ ተናጋሪው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው፦ «…» አለች እናትየዋ። ቀድሞ ያላነበበ ተራኪ የእናትየዋን ቃል በልጁ ድምፅ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚነቃው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ቀለም መድቢና ንግግሩን አስቀድመሽ ቀልሚው።

ግሡ መጨረሻ ላይ መሆኑም የራሱ መዘዝ አለው። ትንፋሽ የሚያልቀው እዚያው ነው፣ አሉታውን የሚዘጋው «ም»ም እዚያው ነው። የ«አልመጣም»ን «ም» የዋጠ ተራኪ ዐረፍተ ነገሩን ጎዶሎ አድርጎታል። ረጅሙን ዐረፍተ ነገር ትንፋሽ የምትወስጂበት ቦታ ላይ በጭረት ክፈይው። አኃዞች እንዴት እንደሚነበቡ፣ «ት/ቤት» እና «ዓ.ም.» ተዘርዝረው ይነበቡ እንደሆነ፣ የባዕድ ስሞች አጠራር፣ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ወስኚ፤ ካልሆነ ምዕራፍ 2 እና ምዕራፍ 9 አይስማሙም። «ገጽ 40ን ይመልከቱ» የሚለውንም ለጆሮ በሚሆን አነጋገር ለውጪው። የ«ሀ» እና የ«ሐ» ጣጣ ብቻ እዚህ የለም፤ አራሚሽን ያስለቀሰው ስሕተት በጆሮ አይሰማም።

ቀረጻው ሞኖ (ባለ አንድ መስመር)፣ 44.1 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ በዋቭ ፋይል ይሁን፤ አንድ ሰዓት 476 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል። ከፍተኛው ድምፅ በ-12 እና በ-6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው፤ ጣሪያው ዜሮ) መካከል ይመላለስ። ዜሮን ከነካ አናቱ ይቆረጣል፣ የተሰነጠቀው ድምፅ ደግሞ በወጉ አይጠገንም። ስትሳሳቺ ፓንች ኤንድ ሮል የሚሉትን ተጠቀሚ፦ ከስሕተቱ በፊት ያለውን ጥቂት ሰከንድ እየሰማሽ እዚያው ቦታ ላይ ትቀጥያለሽ፣ ቀረጻው በላዩ ይሄዳል። በነፃ የሚገኘው የቀረጻ ፕሮግራም ኦዳሲቲም ይህን ይሠራል። ምላስ የሚንጣጣው አፍ ሲደርቅ ነው፤ ውሃውን ማይኩ ፊት ሳይሆን ቀደም ብለሽ በጥቂት በጥቂቱ ጠጪ፣ አንድ ጉርሻ ኮምጣጣ አረንጓዴ ፖምም ይረዳል። ባዶ ሆድ ይጮኻል፣ ማይኩም ይሰማዋል። በየቀኑ ከመጀመርሽ በፊት የትናንቱን ሁለት ደቂቃ አድምጪ፤ አለዚያ ድምፅሽ በየምዕራፉ ሌላ ሰው ይሆናል። ለአንድ ያለቀ ሰዓት (ተጠናቅቆ ለሚደመጥ አንድ ሰዓት) ለቀረጻ 2፣ ለአርትዖት 3፣ ጽሑፉን ይዞ ለማመሳከር 1 ሰዓት ያህል ያዢ። አመሳካሪው ሌላ ሰው ይሁን፤ የራስሽን ስሕተት ጆሮሽ አርሞ ነው የሚሰማልሽ።

ምንም ሳትናገሪ ክፍሉን ብቻ 30 ሰከንድ ቅጂው። ትንፋሽ ወይም ኮሽታ የምትቆርጪበትን ቦታ በዚያ ድምፅ ትደፍኚዋለሽ። ፍጹም ጸጥታ ከገባበት አድማጩ ስልኩ የጠፋ ይመስለዋል።

በመጨረሻ መጠኑ። የድምፅ መጻሕፍት ለሚሸጠው ኦዲብል ሥራ የሚቀርብበት ኤሲኤክስ የተባለው ድረ ገጽ የሚጠይቀው ጥሩ መለኪያ ነው፦ አማካዩ (አርኤምኤስ) ከ-23 እስከ -18 ዴሲቤል፣ ከፍተኛው ከ-3 ያልበለጠ፣ የክፍሉ ሹክሹክታ (ማንም ሳይናገር የሚቀዳው ድምፅ) ከ-60 በታች፣ ቋሚ 192 ኪሎቢት ያለው ኤምፒ3፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ በራሱ ፋይል፣ አንዱም ፋይል ከ120 ደቂቃ ያልበለጠ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በሹክሹክታው ነው። ድምፅሽን በ-35 ቀድተሽ ወደ -20 ስታነሺው 15 ዴሲቤል ጨምረሻል፤ -62 የነበረው ሹክሹክታም አብሮ ተነሥቶ -47 ይደርሳል። በሶፍትዌር ልታጠፊው ብትሞክሪ ድምፅሽ ከውሃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። መድኃኒቱ ወደ ማይኩ መጠጋትና ክፍሉን ዝም ማሰኘት ነው።

ውልሽንም አንብቢ። የኅትመት መብት የሰጠሽው አሳታሚ የድምፅ መብቱን ይዞ ሊሆን ይችላል፣ ሳይዝም ሊሆን ይችላል፤ ለየብቻቸው የሚሸጡ መብቶች ናቸው። ተራኪ ከቀጠርሽ ክፍያው ባለቀ ሰዓት ይሁን ወይም ከሽያጭ ድርሻ፣ የእርማት ቀረጻው በማን ወጪ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ንግግር የበዛበትን አንድ ገጽ ምረጪና ባለሽ ስልክም ቢሆን 5 ደቂቃ ቅጂልኝ፣ የክፍሉን 30 ሰከንድ ጨምረሽ፣ ምንም ሳትነኪው። ስለ ማይኩ እሱን ሰምቼ እነግርሻለሁ።

ናፋቂ ጓደኛሽ