ልጄ ሆይ፣ የሚሉትን የምትሰማው አንተ ነህ

ውድ ልጄ፣

ከትምህርት ቤት በሚመልሳችሁ አውቶቡስ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው እያሉ በዚያ የአገራችን ልጅ ላይ ስለሚሰነዝሩት ስድብ ካጫወትከኝ ጀምሮ ሐሳቤ ከእሱ አልተለየም። በቃል እንዳልነግርህ መሀል ላይ ስልክ ይጠራል፣ እህትህም ትገባለች፣ ነገሩ ተቆርጦ ይቀራል ብዬ ስለሠጋሁ መጻፍን መረጥኩ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርከው ፊደልም ለዚህ ይበቃሃል።

ከነገርከኝ ሁሉ የከበደኝ ስድቡ በአማርኛ መሆኑ ነው። የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች አረማመዱንና አነጋገሩን እያስመሰሉ የሚሰነዝሩበትን ቃል ሾፌሩ አይረዳውም፤ መምህራኑም በኮሪደር ሲያልፉ ቢሰሙት የአንድ አገር ልጆች እርስ በርሳቸው የሚጫወቱ ይመስላቸዋል። በእንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ቢሮ የሚያስጠራ ንግግር፣ በእኛ ቋንቋ ስለተነገረ ብቻ ማንም ሳይጠይቅበት ወራት አልፈዋል። ከዚያ ሁሉ ተሳፋሪ መካከል የሚባለውን የምትረዱት ጥቂቶች ናችሁ፤ ከጥቂቶቹም የማይስቀው አንተ እንደሆንክ ነግረኸኛል። ስለዚህ ይናገር ብለህ የምትጠብቀው ሌላ ሰው የለም።

«ለእናትህ እንነግራታለን» እያሉ እንደሚያስፈራሩትም ነግረኸኛል። ልጁን አንገት የሚያስደፋው ከስድቡ ይልቅ ይህ ዛቻ ይመስለኛል። ይህች የምንኖርባት ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሌላው ሰፊ ብትሆንም ለሐበሻ ጠባብ ናት፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ የተወራ ነገር እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይደርሳል። እኛ ወላጆቻችሁ የመጣንበት አገር የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የሚያስቀጣ ነው፤ አብዛኞቻችንም ስለ ጉዳዩ ከእርግማን ሌላ ነገር ሲነገር ሳንሰማ ነው አድገን ወደዚህ የመጣነው። በቆዳ ቀለሙ ወይም በአነጋገር ዘዬው የተሰደበ ልጅ ቤቱ ገብቶ ለእናቱ ያለቅሳል፣ እናቱም ታቅፈዋለች። ይህ ልጅ ግን ለምን እንደተሰደበ መናገሩ ራሱ ስለሚያስፈራው፣ ውጭም ቤትም መሸሸጊያ አጥቷል። የሚያሳድዱት ልጆች ደግሞ የእኛው ቤት ልጆች ስለሆኑ ይህን ፍርሃት ከማንም በላይ ያውቁታል።

«እሱ ግን እንደዚያ መሆኑን ለማንም ተናግሮ አያውቅም» ብለኸኛል። እኔም አላውቅም፣ አንተም ማወቅ አያስፈልግህም፣ እባክህን አትጠይቀው። በትምህርት ቤት ስለሚደርስ ጥቃት የወጣው የግዛታችን የሜሪላንድ ሕግ ራሱ ይህን አይጠይቅም፤ ጥቃቱ የተነሣው ልጁ በእውነት ካለው ወይም አለው ተብሎ ከታሰበ ጠባይ ቢሆን ልዩነት አያደርግም፣ ከጠባዮቹም መካከል የጾታ ዝንባሌና የጾታ ማንነት በግልጽ ተጠቅሰዋል። በስልክ የሚላከውም ይቆጠራል፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስም በስሙ ተጠርቶ በሕጉ ውስጥ አለ። ፎቶውን እየለጠፉ የሚሳለቁበት የስልክ ቡድንም እንግዲህ ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ዝምታ የት እንደሚያደርስ እንድታይ አንድ ታሪክ ልንገርህ። በዊስኮንሲን ግዛት አሽላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ጄሚ ናቦዝኒ የተባለ ተማሪ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ በመሆኑ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ለዓመታት ተሰቃየ። አንድ ቀን ሳይንስ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች መሬት ላይ ጥለው ሲያዋርዱት ሃያ ያህል ተማሪዎች እየሳቁ ይመለከቱ እንደነበር በፍርድ ቤት መዝገብ ተጽፏል። ኋላም ሆዱን ደጋግመው ረገጡት፤ ከሳምንታት በኋላ ውስጡ እየደማ ወድቆ ሆስፒታል ገባ። እሱና ወላጆቹ ለኃላፊዎች ደጋግመው ቢያመለክቱም፣ ራሱን እንዲህ ከገለጠ ይህ እንደሚደርስበት መጠበቅ አለበት የሚል መልስ ተሰጣቸው። ትምህርቱን ትቶ ከሄደ በኋላ ክስ መሠረተ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤት ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ እንደ ማንኛውም ተማሪ ከለላ የመስጠት ግዴታ አለበት ብሎ ፈረደ፤ ጉዳዩም ከ900,000 ዶላር በላይ በሆነ ካሳ ተጠናቀቀ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ እነዚያ ሃያ ተማሪዎች ነው። ከሃያው አንዱ ያን ቀን ሮጦ መምህር ቢጠራ ኖሮ እያልኩ አዝናለሁ።

ዘመኑ ተለውጧል ብለህ አትዘናጋ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ከሆኑትና በጾታ ዝንባሌ ወይም በጾታ ማንነት ከእነሱ ጋር ከሚመደቡት ተማሪዎች 29 በመቶው ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥቃት እንደደረሰባቸው፣ 20 በመቶው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት እንደሞከሩ ተናግረዋል። ከአምስት አንድ ማለት ነው። ያ ልጅ ከአውቶቡሱ መቅረት መጀመሩን ስትነግረኝ የደነገጥኩት ይህን ስለማውቅ ነው።

አንዳንድ ዘመዶቻችን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ምን አገባችሁ?» ይሉ ይሆናል፤ ሃይማኖታችንንም ያነሡብሃል። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውን አውቃለሁ፣ አንተም ተምረኸዋል፤ ነገር ግን በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረን ልጅ ማሸማቀቅን፣ ምራቅ መትፋትን፣ ከትምህርቱ ማባረርን የፈቀደ ትእዛዝ የለም። በዚህ ላይ ማንም ቢከራከርህ ወደ እኔ ላከው።

አሁን ምን እናድርግ ለሚለው አንድ ነገር በጥንቃቄ ያዝልኝ። ትምህርት ቤቱ ሪፖርት ሲደርሰው የተጎጂውን ወላጆች ማሳወቅ አለበት፤ ስለዚህ በችኮላ የምንጽፈው ወረቀት ልጁ የሚፈራውን ነገር ራሱ ቤቱ ሊያደርስበት ይችላል። መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጥ። ሌላ ቀን አብሮህ ሲረጋጋ፣ ልታግዘው እንደምትፈልግና ያለ እሱ ፈቃድ ምንም እንደማታደርግ ንገረው። ከተስማማ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ቀድመን እናነጋግርና፣ ለወላጆቹ ሲነገር በአውቶቡስ ውስጥ ስለደረሰበት ስድብና ማስፈራራት ብቻ እንዲነገር፣ የስድቡ ዓይነት ግን እንዳይነሣ እንለምናለን። በስልክ ቡድኑ የተላከውን የስልክህን ገጽ ፎቶ በማንሣት አስቀምጥ፣ ለማንም ግን አታስተላልፍ። አውቶቡስ ውስጥ የተባለውን ከነቀኑ በአማርኛ ጻፍና ከሥሩ እንግሊዝኛውን አስቀምጥ፤ አንተ ካልተረጎምከው ለእነሱ የሚተረጉምላቸው የለም። ጥቃቱን ለትምህርት ቤቱ የምናመለክትበት ቅጽ በአማርኛም ስለሚገኝ የእኔን ድርሻ እኔ እሞላለሁ። ልጁ ሞትን የሚያነሣ ነገር ከተናገረ ግን ፈቃዱን አትጠብቅ፣ በማንኛውም ሰዓት ቀስቅሰኝ፤ ራሱን ለማጥፋት ያሰበን ሰው ወደሚረዳው የስልክ መስመር፣ ወደ 988፣ መደወልም መልእክት መላክም እንደሚቻል እወቅ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ እሱ ነው፤ ስለ ራስህ የምትነግረኝ ነገር ቢኖርህም በዚህ ቤት ማንም በምንም ሊያስፈራራህ እንደማይችል ከአሁኑ እወቀው። አባትህም ይህንኑ እንድጽፍልህ ነግሮኛል።

ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ እወጣለሁ። ልጁ እሺ ካለህ አማካሪው ዘንድ አብሬህ እገባለሁ፤ እንቢ ካለህ ደግሞ እስኪዘጋጅ ድረስ በአውቶቡሱ ፈንታ እኔ መጥቼ ሁለታችሁንም ማድረስ እችላለሁ፣ ብቻ እንዲህ የምታደርገው እናቴ ናት ብለህ ምክንያቱን ሳትዘረዝር ጋብዘው።

እናትህ