ስሌቱ ከምጣዱ ይጀምር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአምስት ኪሎ የምህንድስናና የልደታ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ቤቶችን ከኩባንያዎች ጋር ሆነው እንዲነድፉ አጥብቀን እንደግፋለን። የኃይል ፍጆታ ስሌቱ ግን ከምጣዱ ይጀምር። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ለመብራት፣ ለቴሌቪዥንና ለትንሽ ፍሪጅ የተገዛ ባለ 1.5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓነሉንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ ወደሚሆን የሚለውጠው መሣሪያ) ምጣድ ከተሰካበት ወዲያው ያቋርጣል። ምጣዱ በራሱ መስመር ከመብራት ኃይል ጋር ይቆይ። ለቀሪው፣ በቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ለሚፈጅ ቤት፣ ባለ 400 ዋት 2 ፓነልና ባለ 24 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ ይበቃል፤ የሐምሌና የነሐሴ ደመና ግን ስለሚያጎድለው መጠባበቂያ ያሻዋል።

መሐል ከተማ ላይ ዋናው ጠላት ጥላ ነው። በተከታታይ ከተያያዙት ፓነሎች በአንዱ ላይ የጎረቤት ፎቅ ወይም የውሃ ሮቶ ጥላ ካረፈ የሌላውም ምርት አብሮ ይወርዳል። ፀሐይ በታኅሣሥ በደቡብ፣ በሰኔ በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ለሁለቱም ወቅት ይሰላ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናትና ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ይበቃል፤ አቧራውንም ዝናቡ ያጥበዋል።

ኩባንያዎች ዕቃ ሰጥተው ብቻ አይመለሱ፤ ገጣጣሚዎቻቸው ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ከተማሪዎቹ ጋር ይቀመጡ። ብሎን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ከነጎማው ካልታሰረ ክረምት ሲገባ ጣሪያው እንደሚያፈስ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የፀሐይ ኃይል ተከላ ባለሙያዎች
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ