ስለያዝሽው ፓን፣ ለልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለንደን ትምህርት ቤትሽ ውስጥ ስቲልፓን፣ ማለትም ከብረት በርሜል ተሠርቶ በመምቻ እየተመታ ዜማ የሚያወጣውን መሣሪያ፣ የሚጫወት ባንድ ገብተሽ ቴነር ፓን፣ ቀጭን ድምፅ ያለውን፣ እንደተሰጠሽ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ያ ብረት ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተሠራ ካወቅሽ አመታትሽም ይስተካከላልና በዝርዝር ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

በ1881 የካሪቢያኗ ደሴት የትሪኒዳድ ዋና ከተማ ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ ፖሊስ ካርኒቫል የሚባለውን ዓመታዊ የጎዳና በዓል የችቦ ሰልፍ ላስቁም ብሎ ብጥብጥ ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ የትሪኒዳድ ቅኝ ገዢ መንግሥት ከበሮን በሕግ ከለከለ። ሕዝቡም ቀርከሃ እየቆረጠ ምቱን ቀጠለ፤ ይህ ታምቡ ባምቡ ይባላል። ወፍራሙና ረጅሙ ቀርከሃ መሬት ላይ እየተወቀጠ የባሱን፣ የወፍራሙን ድምፅ፣ ሥራ ይሠራል፤ ቀጭኑ ደግሞ በእንጨት እየተመታ ከላይ ይሮጣል። ቀርከሃ ግን ሲወቀጥ ይሰነጠቃል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወጣቶቹ የብስኩት ጣሳ፣ የቀለም ቆርቆሮና የቆሻሻ መጣያ ክዳን አነሡ። ቆርቆሮ ሲደበደብ እዚህም እዚያም ያብጣል፣ ይሰረጉዳል፤ የተለያየው ቦታም የተለያየ ድምፅ ይሰጣል። ዜማው የወጣው ከዚህ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ካርኒቫል ከ1942 እስከ 1945 ቢታገድም በየጓሮው መቀጥቀጡ አልቆመም።

ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው የዉድብሩክ ሰፈሩን ኢንቬደርስ ባንድ ነው። መሪው ኤሊ ማኔት ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ፓኖች ፊታቸው ወደ ውጭ ያበጠ ነበር፤ እሱ ወደ ውስጥ ጎድጓዳ አደረገው። በ1946 ገደማም ባለ 55 ጋሎን የዘይት በርሜል ላይ መሥራት ጀመረ። ጎድጓዳው ብረቱን ስለሚወጥረውና ስፋት ስለሚጨምርለት ብዙ ኖታ ይይዛል። የመምቻውን ጫፍ በጎማ በመጠቅለልም ስሙ ይነሣል። በዚያን ጊዜ ባንዶቹ የሰፈር ጎራ ስለነበሩ መንገድ ላይ ይደባደቡ ነበር፤ በ1950 ካርኒቫል ኢንቬደርስና ቶኪዮ የሚባለው ሌላ ባንድ የተጋጩት እስከ ዛሬ ይወራል። ወላጆች ልጆቻቸውን ባንዶቹ ከሚለማመዱበት ከፓን ጓሮ ያባርሩ ነበር።

ነገሩን የለወጠው 1951 ነው። ከተለያዩ ባንዶች የተመረጡ ተጫዋቾች ታስፖ በሚል ስም ተሰባስበው ለብሪታንያ ፌስቲቫል ለንደን ሄዱ። የሙዚቃ መሪያቸው ሌተናንት ጆሴፍ ግሪፊዝ 12ቱም ግማሽ ድምፆች ካልተሟሉ አይሆንም አለ፤ በጎደለ ፓን የፈለጉትን ዜማ መጫወት አይቻልማ። ከቡድኑ ስተርሊንግ ቤታንኮርት እንግሊዝ ቀርቶ ፓንን እዚያው አስፋፋ። ትምህርት ቤትሽ ድረስ የመጣው መንገድ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ፓኖራማ የሚባለው የትሪኒዳድ የስቲልባንዶች ውድድር በ1963 ሲጀመር ያሸነፈው የአንቶኒ ዊሊያምስ ኖርዝ ስታርስ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንኳ ከ1957 እስከ 1999 የራሱ ስቲልባንድ ነበረው። ትሪኒዳድና ቶቤጎ በ1992 ፓንን ብሔራዊ መሣሪያዋ አድርጋ አወጀች።

አሁን የራስሽን ፓን ተመልከቺው። ብረቱ ሲጀመር 1.2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ የፊቱ ስፋት 57 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሠሪው የበርሜሉን ቂጥ በመዶሻ እየደበደበ 20 ሳንቲሜትር ያህል ያጎደጉደዋል። ብረቱ በተሳበ ቁጥር ይሳሳል፣ መሃሉ ከሁሉም ይበልጥ ይሳሳል። ምቱ ካልተዳረሰ አንዱ ቦታ ከልክ በላይ ይሳሳና ይቀደዳል። ቀጥሎ የኖታዎቹን ድንበር ጫፉ በዶለዶመ ብረት እየነጠበ ይቀርጻል፤ ይህ የአንዱ ኖታ ንዝረት ወደ ጎረቤቱ እንዳይፈስ ያግዛል፣ በጣም ከጠለቀ ግን እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ የበርሜሉ ጎን ይቆረጣል፤ ለቴነር 15 ሳንቲሜትር ያህል ይቀራል፣ ለባስ በርሜሉ እንዳለ ይተዋል። ቀጥሎ ብረቱ እሳት ላይ ይደረጋል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሲያዘነብል መውጣት አለበት፤ ከቆየ ይለሰልስና ቅኝት አይይዝም።

ከሁሉ ከባዱ መቃኘቱ ነው። ቃኚው ኖታውን ከታች ሲመታው ያብጥና ድምፁ ይቀጥናል፣ ከላይ ሲመታው ይወፍራል። አንድ ኖታ ላይ ዋናውን ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያወጣው፤ ኦክታቩን፣ ያንኑ ኖታ ከፍ ብሎ በቀጭኑ፣ ጭምር እዚያችው ቁራጭ ብረት ላይ ያስማማል። ያ የሚያብረቀርቅ የፓን ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብረቱ አንድ ስለሆነ አንዱን ሲያስተካክል ጎረቤቱ ይዛነፋል፤ ስለዚህ ደጋግሞ ይዞረዋል። ክሮም ከተቀባ በኋላም እንደገና ይቃኛል።

አሁን የተለመደው የቴነር አደራደር የዊሊያምስን ሐሳብ የተከተለ ነው። ከዶ አጠገብ በአንድ በኩል ሶል፣ በሌላው በኩል ፋ ታገኛለሽ፤ ዙሪያው ላይ 12ቱ ይሰለፋሉ፣ ከእያንዳንዱ ጀርባ ወደ መሃል ኦክታቩ አለ። እንደ ፒያኖ ዶ፣ ሬ፣ ሚ እያልሽ በተርታ ከፈለግሽ ትጠፊያለሽ። በመጀመሪያ ዙሪያውን ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ፣ ሲ እያልሽ በቀስታ ዙሪው፤ እጅሽ ሲለምድ ስኬሉ ራሱ ይመጣልሻል።

መምቻሽን ጠበቅ አድርገሽ አትጨብጪው። ከእጅ አንጓሽ መትተሽ ወዲያው አንሺው፤ ጎማው ብረቱ ላይ ከቆየ ድምፁን ያፍነዋል። ረጅም ድምፅ ስትፈልጊ በሁለቱ መምቻ በፍጥነት እያፈራረቅሽ ደርድሪው፣ ፓን በራሱ ድምፅ አያቆይምና። ጎማው ካለቀ እንጨቱ ብረቱን ይነካና ቅኝቱን ያበላሻል፤ በየሳምንቱ ፈትሺው። የባሱን መምቻ ቴነር ላይ አትሞክሪ፣ ድምፁ ይደነዝዛል። ፓኑን የሚያንጠለጥለው ገመድ መበላቱንም እይ፤ ከወደቀ ቃኚ መጥራት ግድ ነው። ፀሐይ ላይም ሆነ የሞቀ መኪና ውስጥ አትተዪው። ከተጫወትሽ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፤ ላብ ያዝገዋል። አንድ ኖታ ከተበላሸ ማንም ቢመክርሽ በመዶሻ አትንኪው፤ የኖታውን ስም ጽፈሽ ለአስተማሪሽ ስጪ።

ባሳችሁ ባለስንት በርሜል እንደሆነ ቆጥረሽ ጻፊልኝ። ባለስድስቱ ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ሦስት ኖታ፣ በድምሩ 18 ታገኛለሽ።

አባትሽ