ስለ ካል ሪፕከን ትንሽ ልጨምር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ቤዝቦል በተነሳ ቁጥር ካል ሪፕከንን የምታነሱት ለዚያ 2,632 ተከታታይ ጨዋታ ብቻ ነው። በእርግጥ ከ1982 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ለባልቲሞር ኦሪዮልስ አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው መሰለፉ፣ በ1995ም የቀድሞውን ተጫዋች የሉ ጌሪግን የ2,130 ተከታታይ ጨዋታ ክብረ ወሰን መስበሩ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሰውዬው መቅረት ስለማይወድ ብቻ አይደለም እኮ ትልቅ የሆነው!

እኔን የሚቆጨኝ የመከላከል ችሎታው መረሳቱ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች በሚረግጧቸው ማዕዘኖች) መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ በዚያን ዘመን ባብዛኛው ቀልጠፍ ያለ ትንሽ ሰው ነበር፤ በዱላው ብዙም አይጠበቅበትም። ሪፕከን ግን 1 ሜትር ከ93 ነው። ፈጣን አልነበረም። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር፣ መቺውም ወዴት መምታት እንደሚወድ አስቦ ኳሷ ሳትመጣ ቦታውን ይይዝላታል። በ1990 ዓመቱን ሙሉ የሠራው ስህተት 3 ብቻ ነበር። በየቦታው ምርጥ ለሆነ ተከላካይ የሚሰጠውን ሽልማት፣ የወርቅ ጓንቱን፣ ግን ለሌላ ሰጡት (ዛሬም አልተዋጠልኝም)። በ1991 ደግሞ 34 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) መትቶ፣ ከግማሽ በላይ ጨዋታ በተሸነፈ ቡድን ውስጥ ሆኖ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ጓንቱንም ያኔ አገኘ።

በ1997 ወደ ሦስተኛ ቤዝ አዛወሩት፤ በ2001 ጡረታ ወጣ። እዚህ ሜሪላንድ ጨዋታውን የምንከታተል አንባቢዎች አለንና በሚቀጥለው ስትጽፉ ጓንቱንም አትርሱብን።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ