የዳማ ሞተር ተገኘ

ጅማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአባ ዳማ፤

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስምንት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንደ ትናንት ሰው «እንደምን ሰነበትክ» ማለቴ ራሴንም ያሳፍረኛል፤ ግን ደብዳቤ በሌላ በምን ይጀመራል? ስልክ አጥቼ አልነበረም። ስንት ጊዜ ቁጥርህን አውጥቼ መልሼ ኪሴ ከትቻለሁ። በስልክ ቢሆን ወይ አንተ ትቆጣለህ፣ ወይ እኔ እቀባጥራለሁ። በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

ወሬውን ላስቀድም፦ የዳማ፣ የላንድሮቨሬ፣ ሞተር ተገኘ። የራሷ፣ የጥንቱ፣ ሊብሬዋ ላይ ቁጥሩ የተጻፈው።

የቶዮታውን ናፍታ ሞተር ያስገባሁ ዕለት መቼም አይረሳህም። «ላንድሮቨር ከነሞተሩ ነው ላንድሮቨር፤ ያለዚያ ቆርቆሮ ነው» አልክ። እኔ ደግሞ ቤንዚን እንደ ውሃ የምትጠጣ መኪና ቡና አታመላልስልኝም አልኩ። ከዚያ እጅህን ወንበሩ ሥር ሰደህ ማኖቬላውን፣ ያንን የጥንቱን ሞተር በእጅ አዙረን የምናስነሳበትን ብረት፣ አወጣህና «ከእንግዲህ ምን ያደርግልሃል?» ብለህ ይዘኸው ሄድክ። ያንን ብረት እንደ ጠመንጃ ትከሻህ ላይ አንግተህ ከግቢ ስትወጣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ያይህ ነበር። እኔ ስቄብሃለሁ። አንተ ግን አልሳቅክም።

ፈጽሞ ተሳስቼ ነበር ብዬ አልዋሽህም። ያ ሞተር ሁለት ልጆች አስተምሮልኛል፤ በክረምት ጭቃ ዴዶ ድረስ ወጥቶ ወርዷል። ነገር ግን የፈራኸው ደረሰ። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው አክስል ዘንግ የሚችለው የራሷን የ2,286 ሲሲ ቤንዚን ሞተር ጉልበት ነው፤ ከታች ጀምሮ በጉልበት የሚነሳ ናፍታን አይችልም። አንተ ይህን ጣትህን እየቀሰርክ ነግረኸኛል። የት እንደተሰበረ ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

የእናትህን መርዶ በሰማሁበት ሌሊት ዳማን አስነስቼ ወደ አንተ ወጣሁ። አሰንዳቦን፣ ሰቆሩን አልፌ፣ ቁልቁለቱን ወደ ጊቤ ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ የወልቂጤን አቀበት ስያያዝ «ጧ!» አለ። ማርሹ ይገባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። በደህናው ጊዜ ቢሆን ቢጫዋን እጀታ ተጭኜ በፊት ጎማ እየተሳብኩ እወጣ ነበር። ግን ለናፍታው ሞተር ቦታ ስለጠበበኝ ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰውን የፊቱን ካርዳን ዘንግ አውልቄ ቤት ጥዬዋለሁ። ያንንም አይተህ ጮኸህብኝ ነበር።

ሲነጋ አውቶቡሶች ቆሙልኝ። አንዱ ረዳት «ና ግባ አባቴ፣ ቦታ አለ» አለኝ። አልገባሁም። ትቻት ብሄድ ቸርኬዋ እንኳ አይተርፍም ብዬ ከብረቱ ጋር ቀረሁ። ሁለት ሌሊት በዚያ ሙቀት ከቢንቢ ጋር ስሟገት አደርኩ፤ የአክስሉ ዘንግ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ ተልኮልኝ እስኪገጠም ሰልስቱ አለፈ። መሪውን ወደ ጅማ አዞርኩት። አንተ ፊት ቆሜ «ዘንጉ ተሰብሮብኝ ነው» ከምል ብትቀየመኝ መረጥኩ። እናትህ በእጃቸው ቆልተው ያጠጡኝን ቡና ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ለቀብራቸው ግን ብረት ስጠብቅ ቀረሁ። ነፍሳቸውን ይማር። ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ወደ ሞተሩ ልመለስ፤ ይሄኛው ይቀለኛል።

ፍለጋውን የጀመርኩት ከሸጥኩለት መካኒክ ነው። እሱ ለአንድ የአጋሮ ነጋዴ ሸጦታል፤ ነጋዴው ደግሞ ወደ ሰቃ መንገድ እሸት ቡና ለሚፈለፍል ሰው፣ ውሃ መሳቢያ እንዲሆነው። አንተ ያስተማርከኝ ዘዴ እዚህ ላይ ጠቀመኝ፦ «አሮጌ ሞተር አይታችኋል?» ብለህ ብትጠይቅ ማንም አላየም፤ «ቡና ይነግድ የነበረ፣ ግቢው ሰፊ የሆነ ሰው ማን አለ?» ካልክ ግን ሕፃን ሳይቀር ይመራሃል። እንዲያ ስዞር ፈረንጅ አራዳ አንድ ግቢ ውስጥ ሰይቼንቶ፣ ያችን ትንሽ የድሮ ፊያት፣ አገኘሁ። ባለቤቷ እማማ በየእሁዱ ያጥቧታል፤ ለመሸጥ ግን ወይ ፍንክች። እሳቸውን አከብራለሁ። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ዝገት ያለው ሁሉ «አንቲክ ነው» እያለ ዋጋ ይቆልላል፤ ጎማ የሌለው ሻንሲ ላይ ተቀምጦ ሚሊዮን የጠራልኝም ነበር።

ሞተራችን ከዚያ ቡና ፈልፋይ መጋዘን ጥግ፣ ጆንያ ለብሶ ተቀምጧል። ጆንያውን ገለጥ ሳደርግ ዶሮ ታቅፋበታለች! የቤቱ እመቤት ከኋላዬ ደርሰው «ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ አይነካም» አሉ። ስንት ቀን ቀራት ብላቸው «አሥራ ሁለት»። ምን ልበል? ቡና አፍልተው አጠጡኝና ተመለስኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ብሎኩ ጎን ላይ ያለውን ቆሻሻ በሚስማር ፍቄ፣ በላምባ ጨርቅ ወለወልኩት። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ሊብሬውን በግራ እጄ ይዤ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ትንሹ ልጄ በባትሪ እያበራ ከብረቱ ላይ ይመልስልኛል። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ጋ ስንደርስ ድምፄ ጠፋ፤ ልጁ «አባዬ፣ አንብብ እንጂ» ይለኛል። ገጠመ።

ድርድሩ አላስቸገረንም። ሰውዬው የሚሠራ ውሃ መሳቢያ ነው የፈለገው፤ ናፍታውን ሞተር ሰጥቼ የራሳችንን ወሰድኩ። ስለዚህ ዳማ አሁን ያለ ሞተር ቆማለች። የፊቱን ካርዳን ዘንግ ግን ቦታው መልሼዋለሁ። ሰውነቷ ደህና ነው፤ አንተ ላገኘኸው ሁሉ የምትደሰኩረው ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዞች ከጦርነቱ በኋላ ብረት ቢቸግራቸው ላንድሮቨርን በአሉሚኒየም መሥራት ጀመሩ የምትለው፣ ለጅማ ዝናብ የታሰበ ይመስላል። ሻንሲው ግን ብረት ነውና ጭቃ የሚቋጥርበት ከኋላ በኩል በልቶት ነበር፤ ቆርጠን አዲስ በየድን።

ሞተሩ ነክሷል፤ ፒስተኖቹ ተጣብቀው አይዞርም። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በቀዳዳዎቹ ናፍታና ዘይት ቀላቅዬ ሞላሁበት፤ ማታ ማታ እየሄድኩ ስንት እንደጠጣ አያለሁ፣ እጨምርለታለሁ። ሚስቴ «ጥጃ እያጠባህ ነው እንዴ?» ትለኛለች። በዘጠነኛው ቀን በትልቅ ቁልፍ ገፋ ሳደርገው ፀጉር ታህል ነቅነቅ አለ። እዚያው ተውኩት። ልጁ «ግፋው!» ይላል፤ እኔ ግን በጉልበት ገፍቼ የፒስተን ፋሻ ቢሰበር ሲሊንደሩን እንደሚቧጭረው አውቃለሁ። በነገራችን ላይ ይህ ልጅ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽን ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጠ ማስገባት ከኔ በላይ ችሎበታል። አንድም ቀን ካምቢዮውን አላስጮኸም። አንተ ብታየው ደስ ይልህ ነበር።

አሁን ትእዛዝ አለኝ። ሶማሌ ተራ ውረድና የቴስታታ ጉዋርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) እና ካርቡሬተር ፈልግልኝ። ካርቡሬተሩ ሶሌክስ ይሁን፤ ድሮ የነበራት እሱ ነው። «ዜኒት ይሻልሃል» የሚሉህን አትስማ። አየህ፣ እኔም እንደ አንተ ሆንኩ። ገንዘቡን ስትመጣ እሰጥሃለሁ፤ ካልመጣህ አልልክልህም።

ከገና በኋላ ና፤ ያን ጊዜ ቡና ለቀማውም ጋብ ይላል። መጀመሪያ የለቅሶዬን ቁጭ ብለን እናለቅሳለን፤ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እኔ እስክትመጣ አልነካውም።

ማኖቬላውን ይዘህ ና። ጥለኸው ከሆነ ንገረኝ፣ አንዱን አስቀጠቅጣለሁ። የጣልከው ግን አይመስለኝም።

ወንድምህ