አሮጌ ፍላንጀር ሳይፈተሽ አይገዛ፣ ሳይፈተሽም አይጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በድሬዳዋም በሐረርም ጊታሪስቶች ያገለገሉ ፔዳሎችን፣ ማለትም የጊታርን ድምፅ የሚቀይሩ በእግር የሚረገጡ ሳጥኖችን፣ ከእጅ ወደ እጅ ይገዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የተሠሩ አናሎግ ፍላንጀሮች (ድምፁን እየተንሸራተተ እንዲሰማ የሚያደርጉ ፔዳሎች) ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞከሩት በተገኘው አዳፕተር ተሰክተው፣ ቁልፉ ሁሉ እስከ ጥግ ተጠምዝዞ ነው። በዚህ ዓይነት ደህናው «ሞቷል» ተብሎ ይጣላል፣ ሊቃጠል የቀረበው ይሸጣል። ሻጭም ገዢም እንዲያውቀው ብለን ይህን ጽፈናል።

ከኮረንቲው እንጀምር፤ ጉዳት የሚበዛው እዚያ ነው። ከአሜሪካ የመጡ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የድሮው ኤምኤክስአር 117፣ የግድግዳ ገመዳቸው ከሳጥናቸው ጋር የተያያዘ ሲሆን የተሠሩትም ለ120 ቮልት ነው። የኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል። የሶኬት ማመሳሰያ ጫፉን እንጂ ቮልቱን ስለማይቀይር የውስጡ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው፤ ለአንድ ፔዳል 50 ዋቱ ይተርፋል። በባትሪ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ አደጋ አለባቸው። ታይዋን ገበያ በየመደርደሪያው የሚገኘው የራውተርና የካሜራ አዳፕተር አብዛኛው የጫፉ መሐል ፖዘቲቭ (+) ነው፤ የቦስ ፔዳሎችና መሰሎቻቸው የሚፈልጉት መሐሉ ነጌቲቭ የሆነውን። ጫፉ ልክክ ብሎ ስለሚገባ ሰው ይታለላል። በማልቲሜትር ሳይለካ ምንም አዳፕተር አይሰካ።

ስለዚህ ለሙከራ አዲስ 9 ቮልት ባትሪ ይሻላል። በተለይ ቦስ ቢኤፍ-2 በተባለው ፍላንጀር ላይ ይህ ብዙ ይገልጣል። የቀደሙት ምርቶች «ኤሲኤ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሲሆን የተዘጋጁትም ለ12 ቮልት ገደማ አዳፕተር ነው። በዛሬው 9 ቮልት አዳፕተር መብራታቸው ይደበዝዛል፣ ድምፃቸው ይደክማል፤ በባትሪ ግን ደህና ይሠራሉ። የተጣሉት ስንቶቹ በዚህ ብቻ እንደሆነ ስናስብ ያሳዝነናል። ባትሪው ሥራ የሚጀምረው የጊታሩ ጃክ መግቢያው ላይ ሲሰካ ነው፤ ከተጫወቱ በኋላ ጃኩ ካልተነቀለ ያልቃል። ባትሪው የሞተ ቦስ ተዘግቶም ቢሆን ድምፅ ስለማያሳልፍ፣ ዝም ማለቱ የመበላሸት ማስረጃ አይደለም።

አሁን ወደ ጆሮ እንምጣ። ፍላንጀር የጊታሩን ድምፅ ለሁለት ከፍሎ አንዱን በጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገያል፣ ከዚያ መልሶ ይቀላቅላል። ሲቀላቀሉ አንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ይጠፋፋል፣ አንዳንዱ ይጎላል፤ መዘግየቱ ሲረዝምና ሲያጥር ያ የሚጠፋፋው ቦታ ይንሸራተታል። የሚያዘገየው አይሲ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ብዙውን ጊዜ 1024 ደረጃ አለው፦ ድምፁን ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሳልፈው ምት፣ ማለትም ክሎኩ፣ በሰከንድ 100 ሺህ ጊዜ ሲመታ 5 ሚሊሰከንድ፣ 50 ሺህ ሲመታ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል።

አምፑን ያለ ዲስቶርሽን አድርጉ። የመንሸራተቱን ስፋት የሚወስነውን ዴፕዝንና የወጣውን ድምፅ መልሶ የሚያስገባውን ሬዞናንስን ዜሮ ላይ አቁማችሁ አንድ ኮርድ እየመታችሁ፣ መዘግየቱን በእጅ የሚቀይረውን ማንዋሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ድምፁ ያለ መቆራረጥ ቀለሙን መቀየር አለበት። አንድ ጫፍ ላይ ቀጭን ፉጨት ከተሰማ ክሎኩ ከልኩ በታች ወርዷል። ምንም ካልተለወጠ ወይም ድምፁ ከተሰነጠቀ የአይሲው ባያስ (የሚሠራበት መነሻ ቮልት) ተዛብቷል፣ ወይም አይሲው ሞቷል። ከዚያ ዴፕዝን ክፈቱ፣ የመንሸራተቱን ፍጥነት የሚወስነውን ሬትን ወደ ዝግታው አምጡ፣ አንድ ዙር እስኪያልቅ ታገሡ፤ በዝግታው ጫፍ አንድ ዙር ከ10 ሰከንድ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሬዞናንስ የመጨረሻ ነው፤ ከግማሽ በታች ከጮኸ የውስጥ ማስተካከያው ተነክቷል።

ጠጋኞችን አደራ የምንለው በዚህ ላይ ነው። በውስጥ ያሉትን ትንንሽ ማስተካከያዎች ከመንካታችሁ በፊት የቆሙበትን በማርከር አስምሩ። አይሲም ስሙ ስለተቀራረበ አይተካም፦ ቢኤፍ-2 ውስጥ ያለው ኤምኤን3207 ፖዘቲቭ ቮልት ይፈልጋል፣ ኤምኤን3007 ነጌቲቭ። ኤሌክትሪክ ሚስትረስ በተባሉት የቀደሙ ፍላንጀሮች ውስጥ ያለው ኤስኤዲ1024 ደግሞ 16 እግር ነው፤ ስምንት እግሩ ቦታው አይገባም። የሚንኮሻኮሽ ቁልፍ በኮንታክት ክሊነር ይጠረጋል፤ በዘይትና በነጭ ጋዝ አይሞከር።

ለትዝታም ለባቲም የምንመክረው ሬዞናንሱን ዝቅ ማድረግ ነው። ከፍ ሲል ፔዳሉ የራሱን ኖታ ያስጮኻል፣ ያም ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ጋር ይጋጫል። ዲስቶርሽን ካለ ከፍላንጀሩ በፊት ይግባ፤ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ሲያገኝ መንሸራተቱ ጎልቶ ይሰማል።

የድሬ ሙቀትም ይታሰብ። ቆርቆሮ ሥር ወይም መኪና ውስጥ የሚውል ፔዳል ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹ (በውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው የኮረንቲ ማከማቻዎች) ቶሎ ይደርቃሉ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የማያቋርጥ እምምታና የደከመ ድምፅ ሲመጣ መጀመሪያ እነሱን ቀይሩ።

ሻጮችን የምንለምነው ቀላል ነገር ነው፦ አንድ አዲስ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት ደህና ኬብል፣ አንድ ትንሽ አምፕ፣ ለገዢውም አሥር ደቂቃ። ቮልቱንና የመሐሉን ምልክት ደግሞ በየፔዳሉ ጀርባ በወረቀት ለጥፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሁለት የድምፅ መሣሪያ ጠጋኞች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ